የቤቱ ቁልፍ በማን እጅ ነው? ልገሳ፣ የባህል ማዕከልና የኮሎምቢያው «ካዛ ኢታሊያና»

አዲስ ቤት ሲመረቅ «ቤት ለእምቦሳ» የሚል እንግዳ አይታጣም። የጣሪያው ጥገና፣ የዘበኛው ደመወዝና የመጻሕፍቱ ግዥ በሚቀጥሉት ዓመታት ከማን ኪስ እንደሚወጣ የሚጠይቅ ሰው ግን በምርቃቱ ዕለት እንደ ሟርተኛ ይቆጠራል። ዩኒቨርሲቲዎች በልገሳ የሚቋቋሙ የባህል ማዕከላትን ሲቀበሉ የሚታየው ልማድም ከዚህ ብዙ አይርቅም። ስለ ለጋሹ ማንነት ይጠየቃል፤ ገንዘቡ ንጹሕ መሆኑ ይመረመራል፤ የስም ሰሌዳው የት እንደሚሰቀል ሳይቀር በደብዳቤ ይጻፋል። ማዕከሉን የሚመራውን ሰው ማን እንደሚሾመውና ያ ሰው ሥራውን ለመሥራት የማንን በጎ ፈቃድ እንደሚሻ ግን ብዙ ጊዜ ሳይነሳ ይታለፋል። በኒው ዮርክ በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የተሠራው «ካዛ ኢታሊያና»፣ ማለትም «የኢጣሊያ ቤት»፣ ይህ ያልተነሳ ጥያቄ ምን ያህል እንደሚያስከፍል ከሚያሳዩ ታሪኮች አንዱ ነው። ታሪኩ ኢትዮጵያንም ይነካል። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በኮሎምቢያ የጣሊያንኛ ትምህርት የጀመረው በችግር ነው። የሞዛርት ኦፔራዎችን ግጥም የጻፉት ሎሬንዞ ዳ ፖንቴ ከአውሮፓ ተሰደው፣ በአሜሪካ ሸቀጣ ሸቀጥ እስከ መነገድ ደርሰው፣ በ1825 የኮሌጁ የመጀመሪያው የጣሊያንኛ መምህር ሆነው ተሾሙ። ሹመቱ ደመወዝ አልነበረውም፤ የመምህሩ ገቢ ተማሪዎች ከሚከፍሉት ብቻ ነበር። ተማሪው ሲመናመን ዳ ፖንቴ የማዕረግ ስም ብቻ ይዘው ቀሩ። በ1838 ሲሞቱ ስማቸው ትልቅ፣ ክፍላቸው ግን ባዶ ነበር። በጀት የሌለው ሹመት ምን ማለት እንደሆነ ለማወቅ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ ማግኘት ያስቸግራል።

ከዚያ ወዲያ አንድ መቶ ዓመት ገደማ ቆይቶ፣ ከደቡብ ኢጣሊያ የፈለሱ ቤተሰቦች ልጆች በኮሎምቢያ ደጅ መታየት ጀመሩ። በ1920ዎቹ መጀመሪያ የኢጣሊያ ተማሪዎች ማኅበር አባላት የራሳቸው ቤት እንዲኖራቸው ገንዘብ ማሰባሰብ ያዙ። ሐሳቡን ከሕልም ወደ ድንጋይ የለወጡት ግን ፓተርኖ የተባሉት ወንድማማቾችና አማቻቸው አንቶኒ ካምፓኛ ናቸው። የፓተርኖ ቤተሰብ በባዚሊካታ ግዛት ካስተልሜዛኖ ከተባለች የተራራ ላይ መንደር የመጣ ሲሆን፣ ልጆቹ በኒው ዮርክ ረጃጅም የመኖሪያ ሕንፃዎችን በመገንባት ሀብት አፍርተው ነበር። በዩኒቨርሲቲው ዙሪያ ከሚታዩት አፓርታማዎች ብዙዎቹ የእነሱ ሥራ ናቸው። ዩኒቨርሲቲው መሬቱን ሰጠ፤ ወንድማማቾቹ ሕንፃውን አቆሙ፤ ንድፉን ማኪም፣ ሚድ እና ኋይት የተባለው ዝነኛ የአርክቴክቶች ድርጅት በህዳሴ ዘመን የኢጣሊያ ቤተ መንግሥት አምሳል አወጣ። ካዛ ኢታሊያና ጥቅምት 12 ቀን 1927፣ አሜሪካውያን የኮሎምበስ ቀን ብለው በሚያከብሩት ዕለት ተመረቀ። የሬዲዮ ሥራ ፈር ቀዳጅ ጉሊዬልሞ ማርኮኒም በሥነ ሥርዓቱ ላይ ተገኝቶ ነበር።

የዚህን ስጦታ ክብደት ለመረዳት የቀኑን አካባቢ መመልከት ያስፈልጋል። ከምርቃቱ 50 ቀን አስቀድሞ፣ ነሐሴ 23 ቀን 1927፣ ሳኮና ቫንዜቲ የተባሉ ሁለት ኢጣሊያውያን ስደተኞች፣ ችሎቱ በዘር ጥላቻ ተበክሏል የሚል ተቃውሞ ከዓለም ዙሪያ እየጎረፈ፣ በማሳቹሴትስ በኤሌክትሪክ ወንበር ተገድለዋል። በ1924 የወጣው የኢሚግሬሽን ሕግም ከደቡብና ከምሥራቅ አውሮፓ የሚመጣውን ሕዝብ በኮታ አንቆት ነበር። እንዲህ ባለ ጊዜ፣ ዝቅ ተደርጎ የሚታይ ማኅበረሰብ በአገሪቱ ከታወቁ ዩኒቨርሲቲዎች በአንዱ የዳንቴና የሚኬላንጄሎ አገር ሰው መሆኑን የሚያስታውስ ቤት ሲያቆም፣ ድርጊቱ ከቸርነት ይልቅ ለክብር መልስ መስጠት ነው። የፓተርኖ ወንድማማቾች ገንዘብ በላብ የተገኘ ነበር። ዓላማቸውም የተደበቀ አልነበረም፤ ልጆቻቸው አንገታቸውን ቀና አድርገው እንዲማሩ ፈለጉ።

ሆኖም ክብር የተራበ ሰው ማን እንደሚያጎርሰው አይመርጥም፤ ሮምም ይህን ገና በማለዳው ተረድታ ነበር። የሙሶሊኒ መንግሥት ለአዲሱ ቤት የቤት ዕቃ ለገሰ። ስጦታው በገንዘብ ቢተመን ከሕንፃው ዋጋ ጋር የሚወዳደር አልነበረም። ነገር ግን ወንበሩ ከማን እንደመጣ የተቀመጠበት ሁሉ ያውቃል። በ1930 የማዕከሉ ዳይሬክተር ሆነው የተሾሙት ጁሴፔ ፕሬዞሊኒ ደግሞ ተራ ሰው አልነበሩም። በ1908 በፍሎረንስ «ላ ቮቼ» የተባለውን መጽሔት መሥርተው የአንድን ትውልድ አስተሳሰብ የቀረጹ፣ የሙሶሊኒም የቆየ ወዳጅ የነበሩ ጸሐፊ ናቸው። የፓርቲ ካድሬ ነበሩ ማለት ይከብዳል፤ ራሳቸውን ከሁሉም ወገን ነጻ የሆነ ታዛቢ አድርገው ያዩ ነበር። ችግሩም እዚህ ላይ ነው። ስለ ኢጣሊያ የሚያስተምር ማዕከል መጻሕፍት፣ ተጋባዥ ምሁራን፣ ለተማሪዎቹ የጉዞ ፈቃድ ከኢጣሊያ ይሻል። በ1930ዎቹ የእነዚህ ሁሉ በር በአንድ መንግሥት እጅ ነበር። ታዛቢ ነኝ የሚል ዳይሬክተር በዚያ በር ለመግባት ዝም የሚልበትን ጉዳይ መምረጥ ነበረበት።

በኅዳር 1934 «ዘ ኔሽን» የተባለው የኒው ዮርክ መጽሔት በኮሎምቢያ ስላለው ፋሺዝም ጽሑፍ አወጣ። የክሱ ፍሬ ነገር ካዛ ኢታሊያና ከኢጣሊያ ቆንስላ ጽሕፈት ቤት የማይለይ የፋሺስት ፕሮፓጋንዳ መናኸሪያ ሆኗል የሚል ነበር። የዩኒቨርሲቲው ፕሬዚዳንት ኒኮላስ መሬይ በትለር፣ በ1931 የኖቤል የሰላም ሽልማት የተጋሩት ሰው፣ ክሱን አስተባበሉ። ፕሬዞሊኒም አስተባበሉ፤ እንዲያውም ዘጠና ዓመት ካለፋቸው በኋላ፣ በ1976፣ ስለዚሁ ጉዳይ ራሳቸውን የሚከላከሉበት መጽሐፍ አሳትመዋል። አንድ ሰው ከአርባ ዓመት በኋላ ወደ አንድ ክስ ተመልሶ ሙግት የሚገጥመው ክሱ ሳይለቀው ሲቀር ነው። የታሪክ ተመራማሪዎች ስለ ክሱ ዝርዝር እስከ ዛሬ ይከራከራሉ፤ ለዚህ ሐተታ የሚበቃው ግን በትለር በ1934 ሊመልሱት ያልቻሉት ቀላል ጥያቄ ነው። ዩኒቨርሲቲው የማዕከሉን ነጻነት የሚያረጋግጥ ምን የተጻፈ ሥርዓት ነበረው? መልሳቸው በሰዎች ላይ ባላቸው እምነት ላይ ያረፈ ነበር። እምነት ደግሞ መልካም ነገር ቢሆንም ደንብ አይደለም።

ክሱ በወጣ በአንድ ዓመት ውስጥ የኢጣሊያ ጦር መረብን ተሻገረ። በኒው ዮርክ የነበረውን ሁኔታ ማሰብ ብዙ ያስተምራል። «ኢል ፕሮግሬሶ ኢታሎ-አሜሪካኖ» የተባለው ጋዜጣ ባለቤት ጄነሮሶ ፖፕ ከኢጣሊያ ተወላጆች ለኢጣሊያ ቀይ መስቀል ገንዘብ አሰባሰቡ። እናቶች የጋብቻ ቀለበታቸውን ሰጥተው በምትኩ የብረት ቀለበት ተቀበሉ። ይህም ልገሳ ነበር፤ የሰጪዎቹም እንባ እውነተኛ ነበር። በዚያው ወቅት፣ በታኅሣሥ 1935፣ የኢጣሊያ አውሮፕላኖች በደሴ የነበረውን የአሜሪካ ሆስፒታልና በመልካ ዲዳ የሰፈረውን የስዊድን ቀይ መስቀል በቦምብ ይደበድቡ ነበር። ለአንዱ ቀይ መስቀል የተዋጣ ወርቅ የሌላውን ቀይ መስቀል ድንኳን ከሚያቃጥል መንግሥት ጋር አንድ ካዝና ገባ። የሰጪው ቅን ልቦና ስጦታው የሚውልበትን ቦታ አይወስንም።

ካዛ ኢታሊያና በአምስተርዳም ጎዳናና በ117ኛው መንገድ አካባቢ ይገኛል። ከግቢው በስተምሥራቅ ያለውን የሞርኒንግሳይድ ፓርክ ቁልቁለት የወረደ ሰው ሃርለም ይገባል። በ1935 ክረምት ሃርለም ስለ ኢትዮጵያ በሰልፍ ትናወጥ ነበር። በ1936 ዶክተር መላኩ በያን፣ በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና የተማሩት ኢትዮጵያዊ፣ የንጉሠ ነገሥቱ ልዑክ ሆነው ወደዚያው ከተማ መጡ፤ በ1937 የኢትዮጵያ ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽንን መሠረቱ። የፌዴሬሽኑ አባላት ከድሆች ኪስ ሳንቲም እየለቀሙ ለስደተኞች ይልኩ፣ «የኢትዮጵያ ድምፅ» የተባለ ጋዜጣም ያሳትሙ ነበር። ቁልቁለቱ ላይና ቁልቁለቱ ሥር፣ በእግር ጥቂት ደቂቃ በሚያስኬድ ርቀት፣ ሁለት ስደተኛ ማኅበረሰቦች ለክብራቸው ገንዘብ ያዋጡ ነበር። አንደኛው መዋጮ የዩኒቨርሲቲ ጣሪያ ነበረው። መላኩ በያን በ1940፣ አገራቸው ነጻ ሳትወጣ፣ በወጣትነታቸው አረፉ። ፕሬዞሊኒም የዳይሬክተርነቱን ሥራ የለቀቁት በዚያው ዓመት ነው።

እስከዚህ ድረስ ያለውን ታሪክ ያነበበ ሰው በቀላሉ የሚደርስበት ድምዳሜ አለ፤ ፖለቲካዊ ዓላማ ያለው ገንዘብ ከዩኒቨርሲቲ ይራቅ የሚል። ድምዳሜው ልክ አይመስልም። የሚያፈርሰውም በዚያው ዘመን፣ ለዚያው የኢጣሊያ ባህል፣ በዚያው አገር የተሰጠ ሌላ ልገሳ ነው።

ላውሮ ዴ ቦዚስ ወጣት የሮም ባለቅኔ ነበር። በኒው ዮርክ የኢጣሊያና የአሜሪካ ወዳጅነት ማኅበር ጸሐፊ ሆኖ ሲሠራ ቆይቶ፣ ፋሺዝምን በስውር መቃወም ጀመረ። ጥቅምት 3 ቀን 1931 ከበረራ ትምህርት ያለፈ ልምድ ሳይኖረው፣ «ፔጋሶ» ብሎ በሰየማት ትንሽ አውሮፕላን ብቻውን ወደ ሮም በረረ፤ በከተማይቱ ሰማይ ላይ ሕዝቡንና ንጉሡን በአምባገነኑ ላይ እንዲነሱ የሚጠራ በራሪ ወረቀት በተነ፤ ከዚያም ወደ ባሕሩ አቅጣጫ ሄዶ ደብዛው ጠፋ። ዕድሜው ሠላሳ አልሞላም ነበር። በመድረክ ላይ ብቻዋን ብዙ ሰው እየሆነች በመጫወት የታወቀችው አሜሪካዊት ተዋናይት ሩት ድሬፐር ትወደው ነበር። ለእሱ መታሰቢያ በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ የኢጣሊያ ሥልጣኔ ታሪክ የሚሰጥበት በስሙ የተሰየመ የመምህርነት ወንበር የሚቋቋምበትን ገንዘብ ሰጠች። ከዚህ የበለጠ ወገንተኛ ልገሳ ማሰብ ያዳግታል። የወንበሩ ስም ራሱ በሮም ላሉት ገዢዎች ስድብ ነበር።

በዚህ ወንበር ከ1934 እስከ 1948 ያስተማሩት ጋኤታኖ ሳልቬሚኒ ናቸው። ሳልቬሚኒ በ1908 በመሲና የመሬት መንቀጥቀጥ ሚስታቸውንና አምስት ልጆቻቸውን በአንድ ማለዳ ያጡ፣ በ1925 በፋሺስቶች ታስረው ከፍሎረንስ ዩኒቨርሲቲ ወንበራቸውን ጥለው የተሰደዱ የታሪክ ሊቅ ናቸው። ከሃርቫርድ ሆነው የጻፏቸው ሥራዎች የፋሺስት መንግሥት ስለ ራሱ የሚነግረውን ሁሉ በሰነድ የሚፈትሹ ነበሩ። በ1953 የታተመው ስለ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት መቅድም የጻፉት ትልቅ መጽሐፍ ሰፊ ቦታ የሚሰጠው ኢትዮጵያን ለሙሶሊኒ አሳልፎ ለሰጠው የለንደንና የፓሪስ ዲፕሎማሲ ነው። በጉዳዩ ላይ የሚሠራ ተማሪ ከሳልቬሚኒ ድምዳሜዎች ብዙዎቹን ሊከራከርባቸው ይችላል፤ ክርክሩ ግን የሚካሄደው ሳልቬሚኒ ባስቀመጡት ማስረጃ ላይ ነው። ወንበሩን ያቋቋመው የአንዲት ተዋናይት ኀዘን፣ ተማሪዎች ሊፈትሹት የሚችሉት ዕውቀት ሆኖ ቀረ።

እንግዲህ ሁለቱን ስጦታዎች ጎን ለጎን ማየት ነው። የፓተርኖ ወንድማማቾች ፖለቲካ አልነበራቸውም፤ ቤታቸው ግን ለፖለቲካ ዋለ። ሩት ድሬፐር ያቋቋመችው ወንበር በፖለቲካ የተሞላ ነበር፤ ሆኖም ሳይንስን አገለገለ። በመሆኑም የለጋሹ ገለልተኝነት የዩኒቨርሲቲን ነጻነት አይጠብቅም፤ ወገንተኝነቱም በራሱ አያጠፋውም። ልዩነቱን ያመጣው ከስጦታው በኋላ ያለው የሥራ ግንኙነት ነው። የሃርቫርዱ መምህር ደመወዛቸውን ያገኙት ከአንድ የታወቀ ገንዘብ ነው፤ ለማስተማር የማንንም ቆንስላ ደጅ መጥናት አላስፈለጋቸውም፤ አገራቸው እንዳይመለሱ ስለተከለከሉም የሚያጡት ነገር አልነበረም። የኮሎምቢያው ዳይሬክተር ግን ያማረ ቤት ይዘው፣ ቤቱን ሕያው የሚያደርገውን ነገር ሁሉ ከሩቅ ባለሥልጣን በጎ ፈቃድ መጠበቅ ነበረባቸው።

ይህ የዕድል ጉዳይ ነው የሚል መከራከሪያ ሊነሳ ይችላል። በሃርቫርድ ወንበር ላይ ሌላ ሰው ቢቀመጥስ? ተገቢ ጥያቄ ነው። ያ ወንበር ለሌላ ሰው ተሰጥቶ ቢሆን ኖሮ ውጤቱ የደበዘዘ ሊሆን ይችል ነበር። ነገር ግን ሃርቫርድ በዚያው 1934 ኤርነስት ሃንፍሽቴንግል የተባለው የሂትለር ባለሟል የቀድሞ ተማሪ ሆኖ ያቀረበውን የ1,000 ዶላር የነጻ ትምህርት ስጦታ ሳይቀበል መልሷል። ተቋሙ በሁሉም ነገር ንጹሕ ነበር ማለት አይደለም፤ የዚያን ዘመን የሃርቫርድ ጉድ ተጽፎ አያልቅም። ነገር ግን ለአንዱ ስጦታ እሺ፣ ለሌላው እምቢ ለማለት የሚችል አካል በውስጡ ነበር። እምቢ ማለት የሚችል ተቋም ብቻ ነው እሺታው ዋጋ የሚኖረው። ዳ ፖንቴን ያለ ደመወዝ የሾመ ኮሌጅ፣ የቸገረው እርጉዝ ያገባል እንደሚባለው፣ ከመቶ ዓመት በኋላም የመጣለትን ቤት ከነ ዕቃው ቢቀበል አይገርምም።

ከጦርነቱ በኋላ የካዛ ኢታሊያና ታሪክ መልኩን ቀየረ። በ1991 የኢጣሊያ ሪፐብሊክና ዩኒቨርሲቲው ባደረጉት ስምምነት በሕንፃው ውስጥ የከፍተኛ ጥናት አካዳሚ ተቋቋመ፤ ከልዩ ልዩ አገር የሚመጡ ተመራማሪዎችን እየተቀበለ እስከ ዛሬ ይሠራል። የተቋሙ ባልደረባ የሆኑት ባርባራ ፋዳ በ2017 በዩኒቨርሲቲው ማተሚያ ቤት ያሳተሙት ከዳ ፖንቴ እስከ ካዛ ኢታሊያና ያለውን ታሪክ የሚተርክ መጽሐፍም አለ። ቤቱ የራሱን ታሪክ ማጥናቱ ትንሽ ነገር አይደለም። እዚያው ኒው ዮርክ ደግሞ ባሮነስ ማሪውቻ ዘሪሊ-ማሪሞ ለሟች ባለቤታቸው መታሰቢያ ለኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ በሰጡት ገንዘብ በ1990 ሌላ የኢጣሊያ ቤት ተከፍቷል፤ የቆየ የጄኔራል መኖሪያ ታድሶ ነው። የእሱ ታሪክ ለብቻው ጥናት የሚገባው ስለሆነ እዚህ ላይ ማለፉ ይሻላል።

ነገሩ ኢትዮጵያውያንን የሚመለከተው በሁለት በኩል ነው። አንደኛው በለጋሽነት ነው። በቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ የግዕዝ ትምህርት እንዲሰጥ ፕሮፌሰር ማይክል ጀርቨርስ በ2015 ከራሳቸው 50,000 ዶላር አውጥተው ጥሪ ሲያቀርቡ፣ በተከታዩ ዓመት ዘ ዊክንድ በሚል ስም የሚታወቀው ድምፃዊ አቤል ተስፋዬ ያንኑ ያህል ሰጠ፤ በቶሮንቶ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያንም በማኅበራቸው በኩል አዋጡ። በ2017 መጀመሪያ ክፍሉ ተከፈተ። ይህ ማኅበረሰብ በ1927 የነበሩት የፓተርኖ ወንድማማቾች ዘመድ ነው፤ ለክብር ነው የሰጠው። ልዩነቱ ሕንፃ አለመሥራቱ ነው። ገንዘቡ በዩኒቨርሲቲው እጅ ሆኖ መምህር የሚቀጠርበት ዘላቂ ፈንድ እንዲሆን መረጠ። የምርቃት ሪባን የማይቆረጥለት፣ ፎቶግራፍ የማያምርበት ልገሳ ነው፤ የአንድን መንግሥት የቤት ዕቃ የሚያስገባበት በር ግን የለውም።

ሁለተኛው በተቀባይነት ነው፤ እሱ ይበልጥ አስቸጋሪ ነው። ነገ አንድ ባለሀብት ወይም ድርጅት በኢትዮጵያ ካሉት ዩኒቨርሲቲዎች በአንዱ የኢጣሊያ የባህል ማዕከል ልሥራ ቢል መልሱ ምን ሊሆን ይገባል? የአምስቱን ዓመት ግፍ የሚያስታውስ ሰው «አይገባም» ቢል ስሜቱ ከአየር የመጣ አይደለም። ይሁን እንጂ ይህ መልስ በራስ ላይ የሚዘጋ በር ነው። የወረራው ዘመን ሰነዶች አብዛኛው ክፍል የተጻፈው በጣሊያንኛ ነው፤ የግራዚያኒ የግል ሰነዶች የሚገኙት በሮም በማዕከላዊው የመንግሥት ቤተ መዛግብት ነው። የመርዝ ጋዙን ጉዳይ ለአሥርተ ዓመታት ከእነዚያ መዛግብት እየቆፈሩ ያወጡት አንጄሎ ዴል ቦካ ኢጣሊያዊ ናቸው፤ የኢጣሊያ መከላከያ ሚኒስቴር አድራጎቱን በይፋ ያመነውም በ1996፣ ከስድሳ ዓመት በኋላ ነው። ጣሊያንኛ የማያነብ ተመራማሪ ስለ ገዛ አያቱ ዘመን ሌላው መርጦ የተረጎመለትን ብቻ ያያል።

የደብረ ሊባኖስ እልቂት ጉዳይ ይህን በግልጽ ያሳያል። ግራዚያኒ በግንቦት 1937 ለሮም ባስተላለፈው ሪፖርት የተገደሉትን መነኮሳት ቁጥር 297 አድርጎ አቀረበ። ኢያን ካምቤልና ደግፌ ገብረ ጻድቅ ከብዙ ዓመታት በኋላ በቦታው ተገኝተው የዓይን ምስክሮችን ጠይቀው፣ ሰነዱንም መርምረው የሟቾቹን ቁጥር ከ1,423 እስከ 2,033 ገመቱ። ቴሌግራሙ ብቻውን ይዋሻል፤ የምስክሮቹ ቃል ብቻውን ደግሞ «ተጋኗል» ይባል ነበር። ሁለቱን ማገናኘት የሚችለው ሁለቱንም ቋንቋ የሚያውቅ ሰው ነው። እንዲህ ያለ ሰው በአገር ውስጥ፣ በብዛት እንዲፈራ የሚያደርግ ማዕከል ከተገኘ፣ የሚሠራበት ገንዘብ ከሚላኖ ቢመጣ የሚጎዳው የለም።

የሚያሳስበው የገንዘቡ ምንጭ ሳይሆን የስምምነቱ አንቀጽ ነው። ዳይሬክተሩን የሚሾመውና የሚሽረው የዩኒቨርሲቲው ሴኔት ሊሆን ይገባል፤ ለጋሹ፣ ኤምባሲውና የኢትዮጵያ መንግሥትም ጭምር በዚህ ውስጥ ድምፅ ሊኖራቸው አይገባም። ይህ የመጨረሻው ብዙ ጊዜ ይረሳል፤ የራስ መንግሥት ጫና ከባዕድ ጫና የሚለየው በቅርበቱ ብቻ ነው። ለሕንፃ ከሚሰጠው ገንዘብ ይልቅ ለመምህር ደመወዝ፣ ለመጻሕፍትና ለተማሪ የቤተ መዛግብት ጉዞ የሚውለው መብለጥ አለበት፤ ሕንፃ ከሌለ በቆየው ሕንፃ ውስጥ ሁለት ክፍል ይበቃል። ለጋሹ በስሙ እንዲጠራ መጠየቁ ምንም ነውር የለበትም። የትምህርት ርእስ መምረጥ ከፈለገ ግን ገንዘቡን ይዞ መሄዱ ለሁለቱም ወገን ይሻላል።

ስምምነቱ ተፈርሞ በፕሬዚዳንቱ መሳቢያ ውስጥ መቀመጥም የለበትም። በኮሎምቢያ በ1934 ተማሪዎችና ጋዜጠኞች በግምትና በወሬ የተከራከሩት ግልጽ የሆነ ሰነድ ስላልነበራቸው ነው። የልገሳ ውል ቅጂ በቤተ መጻሕፍቱ የሰነድ ክፍል ተቀምጦ፣ መታወቂያ ያሳየ ማንኛውም ተማሪ ጠይቆ የሚያነበው ሊሆን ይገባል።

ማዕከሉ በተከፈተ በመጀመሪያው ዓመትም አንድ ፈተና ማድረግ ይቻላል። በስድስት ኪሎ ያለው የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት፣ የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ ቦምብ የተወረወረበት ቦታ፣ ዛሬ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ነው፤ በፊቱም ፋሺስቶች ለዘመናቸው መቁጠሪያ የሠሩት፣ በኋላ ጫፉ ላይ የይሁዳ አንበሳ የተቀመጠበት ደረጃ እስከ ዛሬ ቆሟል። ዳይሬክተሩ ስለዚያ ዕለትና ከእሱ በኋላ ስለ ተከተሉት ሦስት ቀናት በጣሊያንኛና በአማርኛ ሕዝባዊ ንግግር እንዲዘጋጅ ማስታወቂያ ያውጣ፤ ማስታወቂያውን ከመለጠፉ በፊትም ለማንም ስልክ አይደውል።